ቡናውን ራሱ እንዲያነሣ፦ ስለ አጋዥ ሮቦቶችና ስለ መምህሩ ድርሻ

ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ፣ ከበበቃ እስከ ሸኮ ባለው አገር ቡና የእጅ ሥራ ነው። ቀዩን ፍሬ ከቅርንጫፉ የሚለቅመው እጅ ነው። በማድረቂያው አልጋ ላይ አስጥቶ የሚያገላብጠው፣ የሚቆላው፣ የሚወቅጠው፣ ከጀበና ወደ ሲኒ የሚቀዳውም እጅ ነው። ሲኒውን ወደ አፍ የሚያደርሰውም ያው እጅ ነው።

ታዲያ ሁለቱም እጆቹ የማይታዘዙለት ሰው ምን ያደርጋል? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ሌላ ሰው ያጠጣዋል» የሚል ነው። መልሱ ስሕተት ነው አንልም፤ ግን ሙሉ አይደለም። ሌላ ሰው ሲያጠጣው መቼ እንደሚጠጣ፣ ምን ያህል እንደሚጎነጭ፣ መቼ እንደሚበቃው የሚወስነው አጠጪው ነው። ጠጪው የሚያጣው እጁን ብቻ ሳይሆን ውሳኔውንም ጭምር ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከባድ የአካል ጉዳት ላለባቸው ሰዎች የሚሠሩ ሮቦቶች ምን እንደሆኑና እንዴት እንደሚሠሩ ለሠልጣኝ መምህራን ማስረዳት ነው። ዋናው ጥያቄ ግን መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ይኸውም ሮቦት የሌለው መምህር ከሮቦቱ አሠራር ምን ሊማር ይችላል? የሚለው ነው።

1. ከባድ የአካል ጉዳት ስንል

አንድ እግሩ የተጎዳ ሰው በምርኩዝ ይሄዳል፤ በእጆቹም ሥራውን ይሠራል። እዚህ ላይ የምንናገረው ግን እጅና እግሩን አንድ ላይ ማዘዝ ስላልቻለ፣ አንዳንድ ጊዜም መናገር ስለተሳነው ሰው ነው።

ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው። አንዳንዱ ከመወለዱ በፊት ወይም ሲወለድ በአንጎሉ ላይ በደረሰ ጉዳት ሴሬብራል ፓልሲ የሚባለው የእንቅስቃሴ ችግር ይኖርበታል። ሌላው በመኪና አደጋ ወይም ቀፎ ሊሰቅል ከወጣበት ረጅም ዛፍ በመውደቁ ሕብለ ሰረሰሩ ይጎዳል። የአንጎል ደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የሚመጣው ስትሮክም አለ። እንደ ኤ.ኤል.ኤስ. ያሉ ጡንቻን የሚያዝዙ ነርቮችን ቀስ በቀስ የሚያዳክሙ በሽታዎችም አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቀን እንያዝ። መናገር አለመቻል አለማሰብ ማለት አይደለም። ሴሬብራል ፓልሲ ካለባቸው ልጆች አንዳንዶቹ በትምህርት አቀባበልም ይቸገራሉ፤ ሌሎቹ ግን ምንም የአስተሳሰብ ችግር የለባቸውም። የልጁን ምራቅ፣ የአንገቱን መዘንበል ወይም የእጁን መንቀጥቀጥ አይቶ የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም። «ይኼ ልጅ አይሰማም፣ አይገባውም» ብሎ በር ላይ የሚመልስ መምህር ሳይመዝን የፈረደ መምህር ነው።

2. ሮቦት ምንድን ነው?

ቃሉን ለዓለም ያስተዋወቀው የቼክ ጸሐፊ ካሬል ቻፔክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው ተውኔት ውስጥ ተጠቀመበት። የመጣውም «ሮቦታ» ከሚለው የቼክ ቃል ነው፤ ትርጉሙ የግዳጅ ሥራ ማለት ነው። በገባር ሥርዓት ዘመን በጌታው ሁዳድ ላይ የሚሠራውን ገበሬ የሚያስታውሱ አዛውንት ቃሉን ለመረዳት ብዙ አይቸገሩም።

በአገራችን ሮቦት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ሶፊያን ነው። በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ የመጣችውና በአማርኛም የተናገረችው ይህች ሮቦት የሆንግ ኮንጉ ሃንሰን ሮቦቲክስ ሥራ ስትሆን፣ በሶፍትዌሯ ሥራ ላይ የአዲስ አበባው አይኮግ ላብስ ባለሙያዎችም ተሳትፈዋል። ሶፊያ ፊቷን እየለዋወጠች መነጋገሯ ብዙዎችን አስደንቋል። የእኛ ርእስ ግን የሚያወራ ፊት ሳይሆን የሚታዘዝ እጅ ነው።

ሮቦትን ከሌላ ማሽን የሚለየው ምንድን ነው? በእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ያለውን መፈልፈያ እንውሰድ። ሞተሩ ሲነሣ ይዞራል፤ ቀይ ፍሬ ቢገባበት፣ ጥሬ ቢገባበት፣ ድንጋይ ቢገባበት አዟዟሩ ያው ነው። ምን እንደገባበት አያውቅም። ሮቦት ግን ሦስት ነገሮች በአንድነት አሉት፦

ሀ. ዳሳሽ። ካሜራ ወይም ግፊትንና ርቀትን የሚለካ መሣሪያ ሲሆን፣ ሲኒው የት እንዳለና ምን ያህል ጠብቆ እንደያዘው ያውቃል።

ለ. አሳቢ። ከዳሳሹ የመጣውን መረጃና ከሰውየው የመጣውን ትእዛዝ አገናዝቦ የሚቀጥለውን እንቅስቃሴ የሚያሰላ ኮምፒዩተር ነው።

ሐ. አድራጊ። ክንዱን፣ አንጓውንና ጣቶቹን የሚያንቀሳቅሱ ሞተሮች ናቸው።

እነዚህ ሦስቱ አንድ ዙር ይሠራሉ፤ ያያል፣ ያስባል፣ ይሠራል፣ የሠራውን እንደገና ያያል። መምህሩስ በክፍል ውስጥ የሚያደርገው ይህንኑ አይደል?

3. ሲኒ ማንሣት ቀላል ነው ወይ?

እስቲ ይህን የምታነቡ ሠልጣኞች ሁሉ አንድ ሙከራ አድርጉ። ክርናችሁን ከጎናችሁ አጣብቁና ሳታላቅቁት ከፊታችሁ ያለ ብርጭቆ ውኃ አንሥታችሁ ጠጡ። ከዚያ ደግሞ የእጃችሁን አንጓ ሳታጥፉ ሞክሩ። ውኃው ሊፈስ ወይም ከአፋችሁ ላይደርስ ይችላል።

ምክንያቱ የሒሳብ ጉዳይ ነው። አንድን ዕቃ በትክክል ለመያዝ ስድስት ነገሮች መታወቅ አለባቸው። ሦስቱ የቦታ ናቸው፦ ወደ ፊት ስንት፣ ወደ ጎን ስንት፣ ወደ ላይ ስንት። ሦስቱ ደግሞ የአቅጣጫ ናቸው፦ እጁ ወደ ግራ ቀኝ ምን ያህል ይዙር፣ ወደ ታች ምን ያህል ያዘንብል፣ በራሱ ዙሪያ ምን ያህል ይጠምዘዝ። ለዚህም ነው በዊልቸር ላይ የሚገጠሙ የሮቦት ክንዶች ብዙውን ጊዜ ስድስት መገጣጠሚያ የሚኖራቸው። ከትከሻ እስከ አንጓ ያለው የሰው ክንድ ሰባት ዓይነት እንቅስቃሴ ስላለው አንድ ትርፍ አለው ማለት ነው፤ ስለዚህም ሲኒውን ሳንለቅ ክርናችንን ከፍና ዝቅ ማድረግ እንችላለን።

ለምሳሌ ያህል በካናዳ የሚሠራው ጃኮ የተባለው ክንድ ከዊልቸሩ ጎን ይገጠማል። ክብደቱ ከ6 ኪሎ ግራም ያነሰ ሲሆን፣ ወደ 1.5 ኪሎ ግራም የሚሆን ዕቃ ያነሣል። ብርጭቆ ያቀርባል፣ በር ይከፍታል፣ የወደቀ እስክሪብቶ ያነሣል። ዊልቸሩን የሚነዳው ሰው በዚያው በመንጃው እንጨት ክንዱንም ያዛል።

4. ትእዛዙ ከየት ይመጣል?

የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው። እጁ የማይታዘዝለት ሰው ሮቦቱን በምን ያዘዋል? መሐንዲሶች የሚሰጡት መልስ አጭር ነው፤ ሰውየው በፈለገ ጊዜ ደጋግሞ ሊያደርገው የሚችለውን አንድ እንቅስቃሴ ፈልጉ ይላሉ። የአንድ ጣት ጫና ሊሆን ይችላል። በአገጭ የሚገፋ እንጨት፣ በቀጭን ቱቦ እፍ ማለትና መሳብ፣ ራስን መነቅነቅ ወይም ዐይንን ወደ አንድ ቦታ ማሳረፍም ሊሆን ይችላል። አንድ አስተማማኝ እንቅስቃሴ ከተገኘ በር ተከፈተ ማለት ነው።

የዚህን አሠራር ውበት በግልጽ የሚያሳየው ሃንዲ 1 የተባለው የመመገቢያ ሮቦት ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በእንግሊዝ አገር በኪል ዩኒቨርሲቲ ማይክ ቶፒንግ የሠራው ሲሆን፣ የታሰበውም ሴሬብራል ፓልሲ ላለበት የ11 ዓመት ልጅ ነበር። ምግቡ በሳህኑ ላይ በረድፍ በረድፍ ይቀመጣል። ከሳህኑ ጀርባ ትናንሽ መብራቶች አሉ፤ ከግራ ወደ ቀኝ ተራ በተራ ይበራሉ። ልጁ የሚፈልገው ምግብ ጀርባ መብራቱ ሲደርስ አንዲት ቁልፍ ይጫናል። ያን ጊዜ ክንዱ ከዚያ ረድፍ በማንኪያ ጨልፎ ወደ አፉ ያቀርብለታል።

ልብ በሉ፤ ልጁ ያደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጊዜ ጠብቆ ቁልፉን መጫን። ቢሆንም «ድንቹን አይደለም፣ ሥጋውን» ማለት ችሏል። «ገና ነኝ» ማለትም ችሏል፤ ቁልፉን ካልተጫነ ማንኪያው አይመጣምና። ይህን ዘዴ በአማርኛ «ተራ በተራ ማሳየትና ማስመረጥ» ልንለው እንችላለን። ወደ እሱ እንመለሳለን።

5. ሦስት እውነተኛ ታሪኮች

የመጀመሪያው የቡና ታሪክ ነው። ካቲ ሃቺንሰን የተባሉ አሜሪካዊት በስትሮክ ምክንያት እጅና እግራቸው ሽባ ሆኖ መናገርም ተስኗቸው ወደ 15 ዓመት ገደማ ቆይተዋል። ብሬይንጌት በተባለው የምርምር ሥራ ከሌባ ጣት ጥፍር ያነሰች፣ 96 ጥቃቅን ኤሌክትሮዶች ያሏት ጠፍጣፋ መሣሪያ እንቅስቃሴን በሚያዝዘው የአንጎላቸው ክፍል ላይ በቀዶ ጥገና ተተከለች። እ.ኤ.አ. በ2011 እጃቸውን እንደሚያንቀሳቅሱ ሲያስቡ መሣሪያዋ የነርቮቹን ምልክት እያነበበች የሮቦት ክንድ አዘዘች። ክንዱ ቡና የያዘውን ጠርሙስ አንሥቶ ወደ አፋቸው አቀረበ፤ እሳቸውም በመምጠጫ ጠጥተው ጠርሙሱን መልሰው በጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ኔቸር በተባለው መጽሔት ታተመ። ከስድስት ሙከራ አራቱ ተሳክተዋል። ሁለቱ ሳይሳኩ መቅረታቸውንም አንርሳ፤ ሳይንስ ያልተሳካውንም የሚቆጥር ነው።

ሁለተኛው የሄንሪ ኤቫንስ ነው። በካሊፎርኒያ የሚኖሩት እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ2002 በ40 ዓመታቸው ስትሮክ አገኛቸው፤ የቀራቸው የራስና የዐይን እንቅስቃሴ፣ እንዲሁም ጥቂት የጣት እንቅስቃሴ ነበር። ፒ.አር. 2 የተባለውን ሮቦት በቴሌቪዥን አይተው መሐንዲሶቹን ራሳቸው አነጋገሩ። እ.ኤ.አ. በ2011 በራሳቸው እንቅስቃሴ በኮምፒዩተር እያዘዙ ፊታቸውን አከኩ፣ ጺማቸውንም ተላጩ። ፊትን ማከክ ለጤነኛ ሰው ምን ቁም ነገር አለው? ለዓመታት በበላው ቁጥር ሰው ጠርቶ፣ በፊደል እያመለከተ «እዚህ ጋ» ሲል ለኖረ ሰው ግን ትልቅ ነገር ነው። ፒ.አር. 2 ዋጋው 400 ሺ ዶላር ነበር፤ በጠባብ ቤት ውስጥም አይመችም። እ.ኤ.አ. በ2020 ግን 23 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን፣ ዋጋው ያኔ ወደ 20 ሺ ዶላር የነበረ ስትሬች የተባለ ሮቦት ወጣ። ሄንሪ ኤቫንስም በቤታቸው ሞክረውታል።

ሦስተኛውም ከቡና ቤት የመጣ ነው። በጃፓን ዋና ከተማ በቶኪዮ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 ዶውን የተባለ ቋሚ ቡና ቤት ተከፈተ። አስተናጋጆቹ ሮቦቶች ናቸው። አንዳንዶቹ በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ ትናንሾች ሲሆኑ፣ ትሪ ይዘው የሚዞሩት ደግሞ 120 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት አላቸው። ሮቦቶቹ ግን ራሳቸውን ችለው አያስቡም፤ ከእያንዳንዳቸው በስተጀርባ አንድ ሰው አለ። ሰውየው በቤቱ ወይም በሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝቶ በጣቱ ወይም በዐይኑ ሮቦቱን ያዛል፣ ደንበኛውን ሰላም ይላል፣ ያጫውታል። በወሩም ደመወዙን ይቀበላል። ከእነዚህ ሠራተኞች ውስጥ ኤ.ኤል.ኤስ. ያለባቸው ይገኛሉ። ይህን ያቋቋመው ኦሪ ላቦራቶሪ የተባለ ድርጅት ሲሆን፣ መሥራቹ ኬንታሮ ዮሺፉጂ በልጅነቱ ታሞ ከትምህርት ቤት ቀርቶ የነበረ ሰው ነው።

በሦስቱም ታሪኮች ውስጥ አንድ የጋራ ነገር አለ። ሮቦቱ ሰውየውን አልተካም፤ የሰውየውን ፈቃድ ተሸከመ እንጂ። ሃቺንሰን ጠጡ፤ ኤቫንስ ተላጩ፤ የቶኪዮዎቹም ሠርተው ደመወዝ አገኙ። አድራጊዎቹ እነሱ ናቸው።

6. ወደ አገራችን ስንመለስ

«ታዲያ ይኼ ሁሉ ላም አለኝ በሰማይ አይሆንም ወይ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እንዲሁ አይታለፍም።

አንድ የሮቦት ክንድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል። ዋጋውን የሚከፍል ቢገኝ እንኳ መብራት ሲጠፋ ባትሪው በምን ይሞላል? አንድ ሞተር ሲቃጠል መለዋወጫው ከየት ይመጣል? በክረምት በቀዩ ጭቃ ላይ የፊት ጎማው ትንሽ የሆነው ዊልቸር ራሱ ይሰምጣል። በእጅ የሚዘወረው ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት በገጠር መንገድ የሚሻለው ለዚህ ነው። ከሮቦቱ በፊት መወጣጫ፣ ሰፊ በር፣ ተስማሚ ጠረጴዛና ጥሩ ወንበር ይቀድማሉ።

በአገራችን በዚህ ረገድ የተሠራ ሥራ የለም ማለት ግን አይደለም። በመናገሻ የሚገኘው ቼሻየር እ.ኤ.አ. በ1962 ተቋቁሞ በፖሊዮ የተጎዱ ሕፃናትን ሲረዳ ቆይቷል። አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ተመሥርቶ በሥጋ ደዌ ለተጎዱ ሰዎች ተስማሚ ጫማና መሣሪያ የሚሠራ ክፍል አደራጅቷል። በአዲስ አበባ፣ በአርባ ምንጭ፣ በአሰላ፣ በባሕር ዳር፣ በደሴና በመቀሌ ሰው ሠራሽ እግርና እጅ፣ መደገፊያና ምርኩዝ የሚሠራባቸው የአካል ተሐድሶ ማዕከላት ተቋቁመዋል። የእነዚህ ቦታዎች ባለሙያ ለእያንዳንዱ ሰው ለክቶ፣ አሞቆ፣ ቀርጾ፣ አስሞክሮ የሚያስተካክል ነው። ሮቦት ቢመጣም ይህ ለክቶ የማስማማት ሙያ ከሌለ ዕቃው ጥግ ይዞ አቧራ ይለብሳል።

ዕውቀቱም ከእኛ ያን ያህል የራቀ አይደለም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና መሣሪያ መሐንዲሶችን በባዮሜዲካል ምሕንድስና ያሠለጥናል። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲም በቴፒ ግቢው ምሕንድስናና ኮምፒዩተር ያስተምራል። ነገ እነዚያ ክፍሎች የሚገቡት ዛሬ እናንተ በአንደኛ ደረጃ የምታስተምሯቸው ልጆች ናቸው። ከእነሱ መካከል እጁ የማይታዘዝለት ልጅ ይኖር ይሆን? መኖሩን የሚወስነው በመጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው ሳይሆን የአንደኛ ክፍል መምህሩ ነው።

ሕጉም ከመምህሩ ጋር ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለመደገፍና ለማቋቋም ሀብት እንዲመድብ ያዝዛል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ ጠይቋል። በ2002 ዓ.ም. አገራችን ያጸደቀችው ዓለም አቀፍ የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም በአንቀጽ 24 ስለ ትምህርት ሲናገር አማራጭ የመግባቢያ ዘዴዎችን ጨምሮ ይጠቅሳል። እንግዲህ ከዚህ በታች የምንገልጸው ዘዴ የመምህሩ ቸርነት ሳይሆን የልጁ መብት ነው።

7. ያለ ሮቦት የሚሠራው የሮቦት ዘዴ

የሃንዲ 1ን መብራት አስታውሱ። መብራቱን በመምህሩ ጣት፣ ሳህኑን በካርቶን ብንለውጠውስ? አሠራሩ ያው ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ አስተማማኙን እንቅስቃሴ መፈለግ ነው። ልጁን ለጥቂት ቀናት በትዕግሥት እዩት። ሲጠሩት ምን ያደርጋል? ቅንድቡን ያነሣል? ዐይኑን ወደ ላይ ይመልሳል? የግራ እግሩን ይገፋል? እናቱን ወይም አያቱን ጠይቁ፤ «እሺ ሲል በምን ያውቁታል?» ብላችሁ። ብዙ ጊዜ ቤተሰቡ ያውቀዋል፤ ትምህርት ቤቱ ነው ያልጠየቀው። እንቅስቃሴው ልጁን የማያደክም፣ በፈለገ ጊዜ የሚያደርገው፣ ሳይፈልግ በድንገት የማይመጣ መሆን አለበት።

ሁለተኛው እርምጃ ለ«አዎ» እና ለ«አይደለም» መስማማት ነው። አለመንቀሳቀስ «አይደለም» ነው ብላችሁ አትውሰዱ፤ ተኝቶ ወይም ሳይሰማ ቀርቶ ሊሆን ይችላልና። ሁለቱም የየራሳቸው ምልክት ይኑራቸው።

ሦስተኛው እርምጃ የፊደል ሠንጠረዥ ነው። በአንድ ካርቶን ላይ 33ቱን የፊደል ቤተሰቦች በአምስት ረድፍ ጻፉ፦

1ኛ ረድፍ፦ ሀ ለ ሐ መ ሠ ረ ሰ
2ኛ ረድፍ፦ ሸ ቀ በ ተ ቸ ኀ ነ
3ኛ ረድፍ፦ ኘ አ ከ ኸ ወ ዐ ዘ
4ኛ ረድፍ፦ ዠ የ ደ ጀ ገ ጠ ጨ
5ኛ ረድፍ፦ ጰ ጸ ፀ ፈ ፐ

መምህሩ በመጀመሪያ ረድፎቹን ከላይ ወደ ታች እየጠቆመ ይጠይቃል። ልጁ በምልክቱ ሲያቆመው በዚያ ረድፍ ውስጥ ያሉትን ፊደሎች አንድ በአንድ ይጠቁማል። ልጁ እንደገና ሲያቆመው ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባቱን ድምፆች በተራ ይጠራል። በሦስተኛው ምልክት ፊደሉ ይገኛል።

እስቲ «ቡና» እንጻፍ። «ቡ» ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ሦስተኛው ፊደል፣ ሁለተኛው ድምፅ (ካዕብ) ነው፤ 2 ሲደመር 3 ሲደመር 2 እኩል ይሆናል 7 እርምጃ። «ና» ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ሰባተኛው ፊደል፣ አራተኛው ድምፅ (ራብዕ) ነው፤ 2 ሲደመር 7 ሲደመር 4 እኩል ይሆናል 13 እርምጃ። በጠቅላላው 20 እርምጃ ይሆናል።

ይህን ባናደርግና 231ዱንም ፊደል ከ«ሀ» ጀምረን አንድ በአንድ ብንጠራስ? «ቡ» 65ኛው፣ «ና» 95ኛው ላይ ነው፤ በጠቅላላው 160 እርምጃ። ለአንዱ እርምጃ ሁለት ሰከንድ ብንሰጥ በሠንጠረዡ 40 ሰከንድ የሚፈጀው ቃል ያለ ሠንጠረዡ ከ5 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። በአማካይም ቢታሰብ አንድ ፊደል ለማግኘት በአንድ በአንዱ መንገድ 116፣ በሠንጠረዡ ግን ወደ 11 እርምጃ ይበቃል። ከአሥር እጅ ዘጠኙ ድካም ተቀነሰ ማለት ነው። ያስወጣው ወጪ ደግሞ አንድ ካርቶንና አንድ ማርከር ነው።

ከሠንጠረዡ ጎን ቶሎ ቶሎ የሚያስፈልጉ ቃላት ይጻፉ፦ «ውኃ»፣ «አመመኝ»፣ «አልገባኝም»፣ «ጥያቄ አለኝ»፣ «ይቆዩኝ»፣ «አልፈልግም»። የመጨረሻውን አትዝለሉት። «አልፈልግም» ማለት የማይችል ልጅ «እፈልጋለሁ» ቢልም ትርጉም የለውም።

በአካባቢያችን ብዙ ቋንቋ አለ። ካፊኖኖን በላቲን ፊደል ለሚማር ልጅ ሠንጠረዡ በዚያው ፊደል ይሠራ፤ እንዲያውም ፊደሉና ድምፁ ተለያይተው ስለሚጻፉ ሦስተኛው ምርጫ ይቀራል። መሠረቱ አንድ ነው፤ ሠንጠረዡ ልጁ በሚያስብበት ቋንቋ ይሁን።

8. ጥንቃቄ

አንደኛ፣ የልጁን እጅ ይዛችሁ ወደ ፊደሉ አትምሩ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካና በአውስትራሊያ የልጁን እጅ ደግፎ የማስጻፍ ዘዴ ተስፋፍቶ ነበር። ለልጁ አንድ ሥዕል፣ ለደጋፊው ሌላ ሥዕል እያሳዩ ሲፈትኑት ግን የተጻፈው ደጋፊው ያየው ሆኖ ተገኘ። ደጋፊዎቹ ያታለሉት ሆን ብለው አልነበረም፤ እጃቸው ሳያውቁት ይመራ ነበር። ስለዚህ እናንተ መልሱን የማታውቁትን ጥያቄ ጠይቁት፤ ለምሳሌ ትናንት ማታ ቤት ማን እንደመጣ ጠይቁና ከቤተሰቡ አረጋግጡ። በዚህ መንገድ ቃሉ የልጁ መሆኑን ታውቃላችሁ።

ሁለተኛ፣ ቃሉን አትጨርሱለት። «ቡ» ሲል «ቡና ነው አይደል?» ብላችሁ አትሩጡ። «ቡችላ» ሊል ይሆናል። ከፈለጋችሁ ጠይቁት፣ መልሱንም ጠብቁ።

ሦስተኛ፣ ጊዜ ስጡት። ሌላው ተማሪ በአንድ ደቂቃ የሚመልሰውን እሱ በአሥር ደቂቃ ቢመልስ ዕውቀቱ አንድ ነው። ፈተናውን አሳጥሩለት እንጂ አታቅልሉለት።

አራተኛ፣ የክፍል ጓደኞቹን አስተምሯቸው። መምህሩ ቢታመም ወይም ቢዛወር ሠንጠረዡን መጠቆም የሚችሉ አምስት ልጆች በክፍሉ ውስጥ ይኑሩ። ሮቦት መለዋወጫ ይፈልጋል፤ የዚህ ዘዴ መለዋወጫ ጓደኛ ነው።

እንግዲህ ለማጠቃለል፣ ሮቦቱ ለከባድ አካል ጉዳተኛ የሚሰጠው ጉልበት ብቻ አይደለም። ከሁሉ በፊት የሚሰጠው ጠያቂ ነው፤ «ይኼን ነው? ወይስ ያንን? አሁን ነው? ወይስ ቆይተህ?» የሚል፣ መልሱን ሳይሰማ የማይንቀሳቀስ ጠያቂ። ክንዱ ወደ አካባቢያችን እስኪደርስ ዓመታት ይፈጅ ይሆናል። ጥያቄው ግን ነገ ጠዋት በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሊጠየቅ ይችላል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሮቦትን ከቡና መፈልፈያ የሚለዩት ሦስት ነገሮች ምንድን ናቸው? አንዱ ቢጎድል ምን ይሆናል?

2. በሠንጠረዡ «ሚዛን» የሚለውን ቃል ለመጻፍ ስንት እርምጃ ይፈጃል? አንድ በአንድ ቢቆጠርስ? (ፍንጭ፦ «ሚ»፣ «ዛ»፣ «ን» ስንተኛ ድምፆች ናቸው?)

3. በአማርኛ ጽሑፍ ቶሎ ቶሎ የሚመጡት የትኞቹ ፊደሎች ናቸው? ከአንድ የመማሪያ መጽሐፍ አንድ ገጽ ወስዳችሁ ቁጠሩ። ረድፎቹን በዚያ መሠረት ብታስተካክሉ እርምጃው ምን ያህል ይቀንሳል? የ«ሀ ሁ» ን ተራ የለመደ ልጅስ ምን ይጠቀማል፣ ምን ይጎዳል?

4. በካቲ ሃቺንሰን ሙከራ ከስድስቱ ሁለቱ አለመሳካታቸው መጻፉ ለምን ይጠቅማል?

የተግባር ሥራ

ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተቀመጡ። አንዱ እጁን አጣምሮ፣ አፉን ዘግቶ፣ ቅንድቡን ብቻ ያንቀሳቅስ፤ ሌላው በሠንጠረዡ ይጠይቀው። የሚጻፈው ዓረፍተ ነገር ጠያቂው የማያውቀው ይሁን። ከዚያ ቦታ ተለዋወጡ። ሲጨርሱ ሁለቱም አንድ ነገር ይጻፉ፦ ዝም ባላችሁበት ጊዜ ጠያቂው ምን ሲያደርግ ተናደዳችሁ? ለማስተማር ልምምድ ወደ ትምህርት ቤቶች ስትወጡ ያን ዝርዝር ይዛችሁ ውጡ።